ስለ ኖርማልነት ፈተና የቀረበ ሙግት

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ከመስክ የሰበሰበውን መረጃ በኮምፒዩተር ላይ አስፍሮ አር ወይም ፓይተን ወይም ኤስ ፒ ኤስ ኤስ የተባለውን መርሐ ግብር በከፈተ ጊዜ፣ ስለ ጥናቱ ጥያቄ በጥልቅ ከማሰቡና የቁጥሮቹን ሥዕል ከመመልከቱ አስቀድሞ እንዲፈጽመው የሚታዘዘው አንድ ሥርዐት አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱን የመረጃ ዐምድ በሻፒሮና ዊልክ ፈተና እያስፈተነ፣ ፒ ቫልዩው ከ0.05 በላይ ለሆነው «ኖርማል ነው» የሚል ማኅተም መምታት፣ በታች ለሆነው ግን አማካይን፣ ቲ ቴስትንና ሪግሬሽንን ከልክሎ በደረጃ ቁጥር ወደሚሠሩት ዘዴዎች ማሻገር ነው። ይህ ልማድ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ከመኖሩ የተነሣ ዛሬ እንደ ቀኖና ይቈጠራል፤ የዚህ ፈተና ውጤት ሠንጠረዥ የጎደለው ጽሑፍ በፈታኞች ፊት ሲቀርብም አስቀድሞ የሚነሣበት ጥያቄ «ኖርማሊቲውን ቼክ አድርገሃል ወይ?» የሚለው ነው። እኔ የምሟገተው ይህ ቀኖና በስታቲስቲክስ ትምህርት ውስጥ መሠረት የሌለው መሆኑን፣ መሠረት ከማጣቱም በላይ የተማሪውን ትጋት ሊውልበት ከሚገባው ስፍራ ነጥቆ የሚያባክን መሆኑን ነው።

ኖርማል ሥርጭት ራሱ የሰው አእምሮ ከደረሰባቸው ታላላቅ ግኝቶች አንዱ ነው፤ በማይገባው ወንበር ተቀምጦ እንዲፈርድ ሲደረግ የማዝነውም ስለማከብረው ነው። ነቀፌታዬ የሚያርፈው እርስ በርሳቸው በሚደጋገፉ ሁለት እምነቶች ላይ ነው፤ አንደኛው መረጃ ሁሉ በተፈጥሮው የደወል ቅርጽ ሊኖረው ይገባል፣ የሌለው እንደ ሆነ ሕመም አለበት የሚለው ግምት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቅርጹን መያዙንና አለመያዙን አንድ የመርሐ ግብር ትእዛዝ በአንዲት ፒ ቫልዩ ሊወስንልን ይችላል የሚለው መታመን ነው።

የሕጉን አመጣጥ ብናጤን የመጀመሪያው እምነት ከየት እንደ መጣ ይገለጥልናል። በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰድዶ በለንደን ይኖር የነበረው የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ደ ሟቭር እ.ኤ.አ. በ1733 ይህን የደወል መስመር ባገኘው ጊዜ፣ ይፈልግ የነበረው አንድ ሳንቲም እጅግ ብዙ ጊዜ ሲወረወር የሚገኘውን ድምር ያለ አድካሚ ስሌት በቅርበት የሚያስገምት መንገድ ነበር። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1809 የሰማይ አካላትን ምሕዋር ስለ ማስላት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ መስመሩን የምልከታ ስሕተት ሕግ አድርጎ አቀረበው፤ ፒየር ሲሞን ላፕላስም በ1810 ብዙ ጥቃቅንና እርስ በርሳቸው የማይተሳሰሩ ምክንያቶች ሲደመሩ፣ መዋዠቃቸው ከልክ ያለፈ እስካልሆነ ድረስ፣ የእያንዳንዳቸው ቅርጽ ምንም ቢሆን ድምራቸው ወደዚያው መስመር እንደሚያዘነብል አስረዳ። እንግዲህ ሦስቱም ሊቃውንት የተናገሩት ስለ ድምርና ስለ ስሕተት ነበር፤ የገበሬው ምርት ወይም የበሽተኛው የሆስፒታል ቆይታ እንደ ደወል መሳል አለበት ያለ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

ሕጉን ከስሕተት አውጥቶ በሰው ልጅ ላይ የዘረጋው የቤልጅጉ የከዋክብት ተመራማሪ አዶልፍ ኬትሌ ነው። እርሱ በ1835 «አማካይ ሰው» የሚለውን ሐሳብ ካቀረበ በኋላ፣ በ1846 የ5,738 የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ልክ ከዚህ መስመር ጋር አስተያይቶ መስማማታቸውን በማየቱ፣ ተፈጥሮ አንድን ፍጹም አርአያ አስቀምጣ በየሰዉ ላይ እየተሳሳተች የምትሠራ ያህል አድርጎ ተረጐመው። ከዚያ ወዲህ ሕገ ስሕተት የነበረው ነገር ሕገ ፍጥረት መስሎ ታየ፤ ከእርሱ የራቀውም ሁሉ እንደ ጉድለት ይታይ ጀመር።

ለዛሬው ልማድ ቅርብ ምክንያት የሆነው ግን የዊልያም ጎሴት ሥራ ነው። ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ያገለግል በነበረበት ጊዜ፣ «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም በ1908 ያወጣው ጽሑፍ ከጥቂት መለኪያዎች የሚገኝ አማካይ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የሚያስረዳ ሲሆን፣ ስሌቱን እስከ መጨረሻው አድርሶ ቀመር ለማውጣት ይችል ዘንድ ናሙናው ከኖርማል ሥርጭት የተቀዳ ነው ብሎ ተነሣ። ይህ አነሣስ ቀመሩ ፍጹም ልክ እንዲሆን በቂ የሆነ ሁኔታ ነው፤ በቂ ሁኔታ ግን የግድ አስፈላጊ ሁኔታ ማለት እንዳልሆነ በሎጂክ ትምህርት መግቢያ ላይ የምንማረው ነገር ነው። መጻሕፍቱ እየተቀዱ፣ ቅጂዎቹም እየተቀዱ ሲሄዱ፣ «እንዲህ ቢሆን ቀመሩ ያለ እንከን ይሠራል» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «እንዲህ ካልሆነ ቀመሩን መንካት ክልክል ነው» ወደሚል ትእዛዝ ተለወጠ። የምንከራከርበት ጠቅላላ ስሕተት በዚህች መንሸራተት ውስጥ ይገኛል።

መንሸራተቱ ሌላም ነገር ይዞ ተንሸራትቷል። በሪግሬሽንም ሆነ ሁለት ወገኖችን በማነጻጸር ሥራ፣ ኖርማልነት የሚጠየቅ ከሆነ የሚጠየቀው ከስሕተቱ፣ ማለት ሞዴሉ ሊያስረዳ የሚችለውን ካስረዳ በኋላ ከሚተርፈው ክፍል ነው፤ ጥሬው ዐምድ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ስፍራ የለውም። አንድ የግብርና ተማሪ በአርባ የስንዴ መደቦች ላይ ሙከራ አደረገ እንበል፤ ሃያዎቹ ማዳበሪያ ተሰጥቷቸዋል፣ ሃያዎቹ አልተሰጣቸውም። ያልተሰጣቸው በሄክታር በአማካይ 20 ኩንታል፣ የተሰጣቸው 40 ኩንታል ቢያፈሩ፣ በየወገኑ ውስጥ ያለው ስታንዳርድ ዲቪየሽንም 4 ኩንታል ብቻ ቢሆን፣ የአርባዎቹ መደቦች ምርት በአንድ ዐምድ ተጽፎ ሲሳል ሁለት ጉብታ ያለውና መካከሉ የጎደጎደ ሥዕል ይወጣል፤ ፈተናውም «ኖርማል አይደለም» ብሎ ይጥለዋል። በየወገኑ ውስጥ ያለው ቅሪት ግን ጎሴት ከተመኘው በላይ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ልብ አድርጉ፤ ማዳበሪያው ይበልጥ በሠራ ቍጥር ሁለቱ ጉብታዎች ይበልጥ ይራራቃሉ፣ ጉብታዎቹ ይበልጥ በተራራቁ ቍጥርም ዐምዱ ይበልጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሥርዐቱ ተማሪውን ከቲ ቴስት የሚከለክለው ሙከራው በግልጽ በተሳካበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ፈተናውን ራሱን እንፈትነው። ይህን ለማድረግ በአር የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ሦስት መስመር ትእዛዝ ብቻ ነው። አርኖርም በተባለው ፈንክሽን አማካዩ 165፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 6 የሆነ 5,000 ቍጥር ያመንጭ፤ እነዚህ ቍጥሮች ኮምፒዩተሩ ሆን ብሎ ከኖርማል ሥርጭት የቀዳቸው ስለ ሆኑ ስለ ዘራቸው የሚያጠራጥር ነገር የለም። ቀጥሎ በራውንድ ፈንክሽን እያንዳንዱን ወደ ሙሉ ቍጥር ያጠጋጋው፤ ይህም በየጤና ጣቢያው የሰው ቁመት በሙሉ ሴንቲሜትር ሲመዘገብ የሚሆነው ነው። በመጨረሻ ሻፒሮ ቴስትን ይጥራ። የሚመለስለት ፒ ቫልዩ ከአንድ ሺኛ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ፈተናው ከኖርማል የተቀዳውን ናሙና፣ ከግማሽ ሴንቲሜትር በማይበልጥ ማጠጋጋት ምክንያት ብቻ፣ ያለ አንዳች ማመንታት «ኖርማል አይደለም» ይለዋል። ፈተናው በሕጉ መሠረት ስሕተት አልሠራም፤ የተጠጋጋ ቍጥር በእርግጥ ኖርማል አይደለምና። ነገር ግን ይህ ማጠጋጋት በአማካዩ ላይ፣ በአማካዩም ስሕተት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ለማንም ጥናት ከምንም የማይቈጠር ነው።

ከዚያ ወደ ተቃራኒው ዳር ይሂድ። ለወረፋ ጥበቃና ለዕቃ ዕድሜ የሚያገለግለው፣ ከዜሮ ተነሥቶ ጅራቱን ወደ ቀኝ የሚጐትተው ኤክስፖኔንሺያል ሥርጭት ማንም ባየው ጊዜ ከደወል ጋር ሊያምታታው የማይችል ነው፤ ከእርሱ ግን አሥር አሥር ቍጥር ያላቸው ናሙናዎች እየቀዳ ቢፈትን፣ ከየመቶው ናሙና ከግማሽ የሚበልጠው «ኖርማል» ተብሎ ያልፋል። እንደ ጠረጴዛ ገጽ ጠፍጣፋ ከሆነው ከዩኒፎርም ሥርጭት አሥር አሥር ቢቀዳ ደግሞ ከአሥር እጅ ዘጠኙ እጅ ያህል ያልፋል። እንግዲህ ናሙናው ትንሽ ሆኖ የኖርማልነት ጉዳይ በእርግጥ ሊያሳስበን በሚገባበት ቦታ ፈተናው አያይም፤ ናሙናው ትልቅ ሆኖ ጉዳዩ ዋጋ ባጣበት ቦታ ደግሞ ጥቃቅኗን ሁሉ እያነሣ ይጮኻል፤ ሌሊቱን ተኝቶ አድሮ በቀትር አላፊ አግዳሚውን ሁሉ በሚያስቆም ዘበኛ ላይ ቤቱን የሚጥል ባለቤት ማን ነው? የአር ሻፒሮ ቴስት ከ5,000 በላይ የሆነ ናሙና አልቀበልም ይላል፤ ይህን የገደብ መልእክት ያየ ተማሪም ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ ቆም ብሎ እንደማሰብ፣ ከመረጃው 5,000 ብቻ ቀንሶ ሥርዐቱን ለመፈጸም ይጥራል።

አየርላንዳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮይ ጊሪ በ1947 በእውነተኛው ዓለም ፍጹም ኖርማል የሆነ ሥርጭት እንደሌለ በማያሻማ ቃል ጽፏል። ይህን የተቀበለ ሰው ፈተናው የሚመረምረው መላ ምት ገና ሳይፈተን ሐሰት መሆኑን አብሮ ይቀበላል፤ ሐሰትነቱ አስቀድሞ የታወቀን መላ ምት መፈተን ደግሞ ናሙናው ሐሰቱን ለመግለጥ የሚበቃ ብዛት ነበረው ወይስ አልነበረውም ከሚለው በቀር ምንም አያስታውቅም። የፒ ቫልዩው ከ0.05 መብለጥም «ኖርማል መሆኑ ተረጋገጠ» ተብሎ መጻፉ የባሰ ነው፤ ማስረጃ ማጣት ማስረጃ ሆኖ ቀርቧልና።

የልማዱ ጠበቆች የሚያቀርቡትን ከባድ መልስ አላልፈውም። «ጎሴት ያስቀመጠው ግምት ሲፈርስ ቀመሩ አብሮ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ፈተናው ቢደክምም ከምንም ይሻላል» ይላሉ። ቀመሩ አብሮ ይፈርሳል የሚለው ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ተመርምሮ ያልጸና ነገር ነው። ኢጎን ፒርሰን በ1931 የኖርማልነት መጓደል አማካዮችን በሚያነጻጽሩ ፈተናዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ መሆኑን አሳየ፤ ጆርጅ ቦክስም በ1953 ይህንኑ አጽንቶ፣ በአንጻሩ ቫሪያንስን የሚያነጻጽሩት ፈተናዎች በዚሁ ጉዳይ እጅግ የሚሰበሩ መሆናቸውን አስረዳ። ምክንያቱ የላፕላስ ድምር ነው። የናሙና አማካይ ድምር ስለ ሆነ፣ የመረጃው መጣመም በናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ተካፍሎ ነው በአማካዩ ላይ የሚታየው፤ የኤክስፖኔንሺያል ሥርጭት መጣመም 2 ሲሆን፣ ከእርሱ የተቀዳ የመቶ ቍጥር አማካይ ግን መጣመሙ 0.2 ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው የሚጠይቀው «አማካዩ ስንት ነው? ልዩነቱስ ስንት ነው?» የሚለውን እንደ ሆነና መጠነኛ ብዛት ያለው ናሙና በእጁ እንዳለ፣ የዐምዱ ቅርጽ እንቅልፍ ሊነሣው አይገባም።

በዚህ ስፍራ ግን ፍትሕ ያስፈልጋል። ኖርማልነት በእርግጥ የሚያስጨንቅባቸው ጥያቄዎች አሉ። ስለ አማካይ መጠየቃችንን ትተን ስለ አንድ ነጠላ ክስተት ወይም ስለ ጅራቱ፣ ማለት እጅግ አልፎ አልፎ ስለሚደርሰው ክፉ ቀን፣ መተንበይ የፈለግን እንደ ሆነ የላፕላስ ድምር አያድነንም፤ በጥቅምት 19 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ሲወድቅ፣ የዋጋ ለውጥን ኖርማል ነው ብለው ለሚያሰሉት ሁሉ የዓለም ዕድሜ ሊያመጣው የማይበቃ ክስተት ነበር የደረሰባቸው። ጆን ቱኪም በ1960 እንዳሳየው፣ በኖርማል መረጃ መካከል ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ ሦስት እጥፍ በሆነ ሌላ ምንጭ የመጣ ከመቶ 0.2 ያህል ብቻ ቢቀላቀል፣ ስለ መዋዠቅ ግምት ምርጥ ነው ይባል የነበረው ስታንዳርድ ዲቪየሽን ብልጫውን ለተናቀው ለአማካይ ፍጹም ርቀት ይለቃል። ኮሺ ተብሎ ከሚጠራው ሥርጭት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ቍጥር ቀድተን አማካዩን ብናወጣ፣ ከአንድ ቍጥር የተሻለ አያስታውቀንም። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ አደጋዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከእነርሱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የአሥር ወይም የሃያ ናሙና የሻፒሮ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ አይገልጣቸውም። ስለ ጅራት የሚያስተምረን የነገሩ ዕውቀት፣ የረጅም ዘመን መዝገብና የኪው ኪው ሥዕልን በዐይን መመርመር ነው።

ፈተናው የጣለበት ተማሪ ወደየት ይሸሻል? ወደ ዊልኮክሰን የደረጃ ፈተና ነው። የዊልኮክሰንን ዘዴ እኔ አልነቅፍም፤ በ1945 ከወጣ በኋላ የተመረመረው ምርመራ ሁሉ ክብሩን ከፍ አድርጎታል፤ መረጃው ፍጹም ኖርማል በሚሆንበት ጊዜ እንኳ በትልቅ ናሙና ከቲ ቴስት ጋር ሲነጻጸር ብቃቱ 0.955 ያህል ነው፣ ሆጅስና ሌማን በ1956 እንዳረጋገጡትም ሁለቱ ወገኖች በስፍራ ብቻ እስከ ተለያዩ ድረስ የቱም ዐይነት ቅርጽ ቢመጣ ከ0.864 በታች አይወርድም። የምነቅፈው የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ መሆኑ ሳይነገር የቲ ቴስት ምትክ ተደርጎ መሰጠቱን ነው። አንድ የዞን ጤና መምሪያ የአንድ በሽተኛ የሕክምና ወጪ በሁለት ዐይነት አሠራር ምን ያህል እንደሚለያይ ቢጠይቅ፣ ወጪ በተፈጥሮው የተጣመመ ነውና፣ ጥቂቶች እጅግ ብዙ ያስወጣሉ፤ ዐምዱም በፈተናው ይወድቃል። ተማሪው በደረጃ አስልቶ «ልዩነት አለ» ብሎ ይመልሳል። መምሪያው ግን በጀት መያዝ አለበት፤ በጀት የሚገኘው አማካይ ወጪን በበሽተኞች ቍጥር በማባዛት ነው፣ ደረጃ ቢባዛ ብር አይሆንም። እነዚያ ጥቂቶች ብዙ የሚያስወጡት ራሳቸው የመምሪያው ዋና ጭንቀት ሳሉ፣ ዘዴው እነርሱን ወደ ደረጃ ቍጥር ለውጦ ክብደታቸውን ይሠውረዋል።

ሎጋሪዝም መውሰድም ቢሆን እንደ መድኀኒት በጅምላ የሚታዘዝ አይደለም። ጥያቄው ስለ ዕጥፍና ስለ ሬሾ በሚሆንበት ጊዜ ሎጋሪዝም ተገቢ ቋንቋ ነው፤ ጥያቄው ስለ ድምር ሲሆን ግን መልሱን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። በአዲስ አበባ የየዕለቱን ዝናም መዝገብ የሚይዝ ሰው፣ በበጋው ወራት ዜሮ ተጽፎባቸው የሚገኙትን ቀናት የሚያህል ክምር በየትኛውም ሎጋሪዝም ወደ ደወል ሊለውጠው አይችልም፤ የሚያስፈልገው ዘነመ ወይስ አልዘነመም የሚለውንና በዘነመ ጊዜ ስንት ዘነመ የሚለውን ለይቶ የሚያስብ ሞዴል ነው።

ይህን ሁሉ ጊዜ የኖርማሊቲ ሠንጠረዥ ሲደረደር የተረሳው ትልቁ ነገር የመረጃው አሰባሰብ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት 16,650 ቤተ ሰቦችን አነጋግሯል፤ ቤተ ሰቦቹ ግን በአገሪቱ ላይ አንድ በአንድ ተበትነው የተመረጡ አይደሉም፣ በ645 የቈጠራ ቦታዎች ውስጥ እየተሰበሰቡ የተመረጡ ናቸው፤ ይህም በየቦታው በአማካይ ወደ 26 ቤተ ሰብ ይሆናል። የአንድ ቦታ ጎረቤታሞች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ ወደ አንድ ጤና ኬላ ይሄዳሉ፣ አንድ ዐይነት መሬት ያርሳሉ፤ ስለዚህ የሁለተኛው ቤት መልስ በከፊል በመጀመሪያው ቤት ተነግሯል። በአንድ ቦታ ያሉት መልሶች የመመሳሰል መጠን 0.1 ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ የናሙናው ቫሪያንስ በ1 ሲደመር 25 ጊዜ 0.1፣ ማለት በ3.5 ይባዛል፤ 16,650 ቤተ ሰብም በተናጠል ከተመረጡ 4,757 ያህል ቤተ ሰቦች የበለጠ አያስታውቁም። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ያንን መረጃ አውርዶ እያንዳንዱን ዐምድ ለሻፒሮ አስፈትኖ፣ ከዚያም ተራውን ቀመር ቢጠቀም፣ የስሕተቱን ስፋት ከእውነተኛው ወደ ግማሽ ገደማ አሳንሶ ያቀርባል። ጥናቱን የሚያፈርሰው ይህ ነው፤ ኖርማሊቲው ግን ተፈትኗልና ጽሑፉ ያልፋል።

የቫሪያንስ መለያየትም ከኖርማልነት መጓደል ይልቅ ቲ ቴስትን ይጐዳል፣ ይልቁንም የሁለቱ ወገኖች ብዛት በተበላለጠ ጊዜ። ለዚህ ዌልች በ1947 ያወጣው ማስተካከያ አለ፤ አርም ማንም ሳያዝዘው ቲ ቴስትን በዌልች መንገድ ያሰላል። ይህን ስለሚያደርግ አስቀድሞ የቫሪያንስ ፈተና መፈተን አያስፈልግም፤ በፈተና ውጤት ላይ ተመሥርቶ ሁለተኛ ፈተና መምረጥም፣ የሁለተኛው ፒ ቫልዩ ተስፋ የሰጠውን የስሕተት ልክ እንዳይጠብቅ ያደርገዋል።

ኖርማል ሥርጭት በትክክል ስፍራው ያለበትን ሥራ ማየት ለሚፈልግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣውን የሕፃናት ዕድገት መለኪያ ይመልከት። የቁመት ለዕድሜ ሥርጭት ከደወሉ ጋር ስለ ተስማማ በኖርማል ተገለጠ፤ የክብደት ለዕድሜ ግን የተጣመመ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሊቃውንቱ መጣመሙን በሚያስተካክል የኀይል ስሌት ያዙት እንጂ በግድ ደወል አላለበሱትም። ከዚህ የተነሣ በጤናማ ዕድገት ካደጉ ሕፃናት መካከል ቁመታቸው ከነጌቲቭ 2 ስታንዳርድ ዲቪየሽን በታች የሚሆኑት ከመቶ 2.3 ያህል ብቻ መሆናቸው ይታወቃል፤ በ2016ቱ ጥናት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ከዚያ በታች መገኘታቸው የሚናገረውን የሚናገረው በዚህ ሚዛን ነው። እዚህ ላይ ሥርጭቱ በዕውቀት ተመርጦ ለጥያቄ መልስ ያገለግላል።

በመርሐ ግብር አጻጻፍ ውስጥም ሥርጭቱ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ ተማሪዎችም ይህን ቢማሩ እመኛለሁ። በአር ፒኖርም እስከ 10 ያለውን ዕድል አስልተን ከ1 ብንቀንሰው መልሱ ዜሮ ይሆናል፤ የላይኛውን ጅራት በቀጥታ እንዲያሰላ ብናዝዘው ግን ከነጥቡ በኋላ ሃያ ሦስት ዜሮ ተደርድሮ የሚመጣ 76 ይሰጠናል፤ ኮምፒዩተሩ የሚይዘው ዐሥራ ስድስት ያህል አሐዝ ብቻ ስለ ሆነ የመጀመሪያው መንገድ ጅራቱን ገና ሳይቀንስ አጥፍቶታል። ዲኖርም የተባለው ፈንክሽን በአር ስታንዳርድ ዲቪየሽንን ይጠይቃል፤ ባግስና ጃግስ በተባሉት መርሐ ግብሮች ግን ስሙ ያው ሳለ የሚጠይቀው ፕሪሲዥንን፣ ማለት አንድ ለቫሪያንስ ተካፍሎ የሚገኘውን ነው፤ ይህን ሳያውቅ 2 የጻፈ ሰው ስታንዳርድ ዲቪየሽኑን 0.71 ያህል አድርጎ ሞዴሉን በሙሉ ያጣምመዋል፤ መርሐ ግብሩም አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል አያወጣም። እንዲህ ያለው ስሕተት በኖርማሊቲ ሠንጠረዥ ውስጥ አይታይም።

ልማዱ የጸናው ስለሚጠቅም አይደለም፤ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ኤስ ፒ ኤስ ኤስ ኤክስፕሎር ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የኮልሞጎሮቭንና የሻፒሮን ፈተና በአንድ ሠንጠረዥ አሰናድቶ ይሰጣል፤ ተማሪው ይገለብጠዋል፣ ፈታኙ ቍጥሩን ከ0.05 ጋር ያስተያያል፣ ሁለቱም የሚገባውን የፈጸሙ ይመስላቸዋል። ስለ ናሙናው አመራረጥ መጠየቅ፣ ስለ ቅሪቱ ሥዕል መከራከር፣ «የምትፈልገው አማካይ ነው ወይስ መካከለኛ ቍጥር? ለምንስ?» ብሎ ተማሪውን ማስጨነቅ ግን ጊዜና ዕውቀት ይጠይቃል።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምታማክሩና ለምትፈትኑ መምህራን ልመናዬ ይህ ነው፤ ከሚቀጥለው የምረቃ ወቅት ጀምሮ በሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ያለው የኖርማሊቲ ሠንጠረዥ ይውጣ፤ በዚያው ገጽ ላይ ተማሪው መረጃው እንዴት እንደ ተመረጠ፣ በአንድ ቦታ የተሰበሰቡት መልሶች እንዴት እንደ ተያዙ፣ ሊመልሰው የተነሣው ጥያቄ ለምን አማካይን ወይም ሌላ መለኪያን እንደ ጠየቀ ይጻፍ፤ የቅሪቱንም ሥዕል አያይዞ ያየውን በራሱ ቃል ያስረዳ።